በአፌ የማውቀው፣ በዓይኔ የማላውቀው ቋንቋ

ነገሩ እንዲህ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ መጋላ ነው። ኦሮምኛ የተማርኩት ከእናቴ ሳይሆን ከጎረቤታችን ከአዴ ቤት ነው፤ ወተታቸውን እየጠጣሁ፣ ቁጣቸውን እየሰማሁ። ስናገር የሰማ ሰው «ልጅሽ ነው እንዴ?» ይላቸዋል። ማንበብ ግን? አቦ ተዉኝ! ትምህርቴን የጨረስኩት በአማርኛ ነው።

አንድ ምሽት አዴ ስልካቸውን ይዘው መጡ። አረብ አገር ያለችው ልጃቸው መልእክት ልካለች። እንግሊዝኛ አነብ የለ? «ይሄማ አያቅተኝም!» ብዬ ጀመርኩ። «ዱኩበ» የሚለው ላይ ደረስኩ፤ የሕመም ነገር ነው። ከፊቱ ያለችውን በ«ኤክስ» የምትጀምር ቃል ግን «ክሲኮ» ብዬ ብሞክር ትርጉም አጣሁላት፤ ዘለልኳት። አዴ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ጠዋት አንድ የ2ኛ ክፍል ተማሪ ሲያነበው ቃሏ «ጢቆ» ሆና ተገኘች። ልጅቷ «ትንሽ አሞኝ ነበር» ነው ያለችው! እኔ «ትንሽ»ን ውጬ እናትየውን ሳስጨንቅ አደርኩ።

በእልህ በዓመት 12 የኦሮምኛ መጽሐፍ አነባለሁ ብዬ ማልኩ። ወፍራም ልብ ወለድ ገዛሁ። በ4ኛው ቀን ትራስ ሆነ።

ከዚያ ልኬን አወቅሁ። የ1ኛ ክፍል መጽሐፍ ለመንኩና በቀን 1 ገጽ ብቻ፣ 15 ደቂቃ፣ ከበርጫ በፊት ማንበብ ጀመርኩ። ለጫት ከሰዓት በኋላችንን ሙሉ የምንሰጥ ሰዎች 15 ደቂቃ አጣን ብንል ማን ያምነናል?

ምስጢሩ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ዓይን ያላወቀውን ጆሮ ያውቀዋል። ኦሮምኛ በ1984 ዓ.ም. በተመረጠው ቁቤ ሲጻፍ «ኤክስ» ጠ ናት፤ «ሲ» ጨ ናት፤ «ኪው» ቀ ናት። ድምፆቹ አፋችን ውስጥ ያሉ ናቸው! ደግሞ የእኛ ፊደል የማያሳየውን ያሳያል። «አለ» ስንጽፍ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የምንለየው በልምድ ነው። ቁቤ ግን የሚጠብቀውን ፊደል ሁለቴ ይጽፈዋል። «በዳ» ሲላላ መጥፎ ነው፤ ሲጠብቅ ደጋ ነው። አንዷን ፊደል ከዘለላችሁ ደገኛውን ሰው ሰደባችሁት ማለት ነው!

ለነገሩ ኦሮምኛ ለግዕዝ ፊደልም እንግዳ አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ የተረጎመውና በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው በዚሁ ፊደል ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ሌላ መልእክት መጣ። ቀስ ብዬ፣ አንድም ቃል ሳልዘል አነበብኩት። አዴ አላመሰገኑኝም። ዝም ብለው ሰሙና «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ከዚያ በላይ ምን ምርቃት አለ?

አሁን ወደ ሶማሊኛ ልገባ ነው። ሶማሊያ በ1965 ዓ.ም. የመረጠችው ይኸው የላቲን ፊደል ነው፤ ግን ያቺው «ኤክስ» እዚያ ከጉሮሮ የምትወጣ ሐ ትሆናለች፤ «ሲ»ም የዐረብኛዋ ዐይን ናት። ስለዚህ ከሀ እጀምራለሁ፤ 1 ገጽ፣ 15 ደቂቃ።

እናንተስ? በሰፈራችሁ በአፍ የምታውቁት፣ በዓይን የማታውቁት ቋንቋ የለም? ካለ ወፍራሙን መጽሐፍ ተዉት። የታናሽ ወንድማችሁን ደብተር ተዋሱ።