ዋናውን ንባብ ሳይነኩ፦ ስለ ሞድ አስተዳዳሪዎችና ስለ ጠባቂዎቻቸው

ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ የጨዋታ ኩባንያ ስካይሪም የተሰኘውን ታላቅ ሥራውን ዐሥረኛ ዓመት ለማክበር ኖቬምበር 11 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. አዲስ እትም ባወጣ ጊዜ፥ ለዚያ ጨዋታ ያለ ደመወዝ ሲደክሙ የኖሩ ብዙ ሰዎች በዓሉን የዋሉት የፈረሰባቸውን በመጠገን ነበር። ኩባንያው ፕሮግራሙን ያሰናዳው በአዲስ ኮምፓይለር ስለ ነበረ፥ በውስጡ ያሉት ተግባራት ከቀድሞ አድራሻቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ፤ እነዚያን አድራሻዎች አንድ በአንድ አጥንቶ በላያቸው የተሠራው ስክሪፕት ኤክስቴንደር የሚባለው መሣሪያም፥ በእርሱ ላይ የቆሙት ብዙ ተጨማሪዎችም በአንድ ጊዜ ከሥራ ውጭ ሆኑ። የመሣሪያው ሠሪዎች ይህ እንደሚመጣ አስቀድመው አስጠንቅቀው ነበር። ይሁን እንጂ ጨዋታው አልነሣ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ አቤቱታውን የሚያቀርበው ኮዱን ለለወጠው ኩባንያ ወይም ተጨማሪውን ለጻፈው ሰው አይደለም፤ በዐይኑ ፊት ለቆመችው መስኮት፥ ማለት ተጨማሪዎቹን ለሚጭነው ለሞድ አስተዳዳሪውና እርሱን እየጠገነ ለሚያኖረው ለጠባቂው ነው። ይህች ጽሑፍ የምትናገረው ስለ እነዚህ ጠባቂዎች ነው።

ሞድ ማለት ጨዋታው ከተሸጠ በኋላ ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው የሚጨምሩበት ነገር ሁሉ ነው፤ አዲስ ከተማ፥ ያማረ የሰማይ ቀለም፥ አዲስ ታሪክ፥ ወይም ኩባንያው ሳያርመው የተወው ስሕተት እርማት ሊሆን ይችላል። ቤተስዳ በ2002 ሞሮዊንድን ሲያወጣ ዓለሙን ማነጫ የሚሆነውን መሣሪያ ለገዢው አብሮ ስለ ሰጠ፥ በ2006 ኦብሊቪየን፥ በ2011 ደግሞ ስካይሪም ሲከተሉ ልማዱ እየሰፋ ሄዶ፥ ዛሬ ለስካይሪም ብቻ የተሠሩት ሞዶች በብዙ ዐሥር ሺሕ ይቈጠራሉ። ይህ ልግስና ምስጋና የሚገባው ነው። ነገር ግን የተጨመረውን በሥርዓት የሚጭንና በሥርዓት የሚያነሣ መሣሪያ ከልግስናው ጋር አልመጣም፤ ተጫዋቹ ዳውንሎድ ያደረገውን ፋይል ፈትቶ ዳታ በተባለው ፎልደር ውስጥ ይገለብጠዋል፥ በዚያ ስም የሚጠራ ፋይል ቀድሞ ካለ አዲሱ ይሽረዋል፥ የተሻረውም ተመልሶ አይገኝም። ሠላሳ ሞድ ጭኖ አንዱ የጠመመበት ሰው የጠመመውን ለይቶ የሚያወጣበት መንገድ ስለሌለው፥ መድኀኒቱ ጨዋታውን ደምስሶ ከመጀመሪያው መጀመር ብቻ ነበር።

ግጭቱ እንዲህ በፋይሎች መካከል ብቻ ቢቀር ቀላል በሆነ ነበር። ከዚህ የሚረቅ ሌላ ግጭት ስላለና የአስተዳዳሪዎቹም ጥበብ ያለ እርሱ ስለማይገባ፥ አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ። በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ያለው ፍጥረት ሁሉ፥ ሰይፉም በሩም ነጋዴውም፥ በዐሥራ ስድስት መደብ የሚጻፍ ስምንት አኃዝ ያለው መለያ ቍጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ፍጥረቱ ፕለጊን ከሚባሉት የጨዋታው ወይም የሞድ ፋይሎች ከየትኛው እንደ ተወለደ ይናገራሉ። በሁለት አኃዝ ሊጻፉ የሚችሉት ቍጥሮች 256 ሲሆኑ፥ የመጨረሻው በጨዋታው ሂደት መካከል ለሚፈጠሩት ስለ ተመደበ፥ ለፋይሎች የሚተርፈው 255 ነው፤ ከዚያም ላይ የጨዋታው የራሱ ፋይሎች ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሁለት ፕለጊኖች አንዱን ነጋዴ ቢለውጡ፥ አንዱ ልብሱን ሌላው ዋጋውን፥ ጨዋታው ሁለቱን አያስማማም፤ ኋላ የተጫነው የፊተኛውን ሙሉ በሙሉ ይሽረዋል። እንግዲህ የመጫኛው ተራ የምርጫ ጉዳይ ሳይሆን፥ የማን ሥራ ጸንቶ የማን ሥራ እንደሚጠፋ የሚወስን ሕግ ነው። በኋላ በስካይሪም ልዩ እትም «ቀላል» የሚባል የፕለጊን ዓይነት ገብቶ፥ ከ256ቱ ቦታዎች አንዱ ብቻ ለ4096 ትናንሽ ፋይሎች ሲከፋፈል ጥበቱ ተቃለለ። ሆኖም ይህን ቍጥር የሚያነብ፥ የሚደረድርና የሚያሳይ መሣሪያ ሁሉ አዲሱን ሒሳብ መማር ግድ ሆነበት።

ለዚህ ችግር መጀመሪያ የደረሱት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። በኦብሊቪየን ዘመን ኦብሊቪየን ሞድ ማናጀር ሞዱን በአንድ ጥቅል አስሮ የሚጭንበትንና የሚያነሣበትን ብልሃት አመጣ፤ ራይ ባሽ ደግሞ የሚጋጩትን ፕለጊኖች ለውጥ ለቅሞ በአንድ ማስታረቂያ ፋይል የማዋሐድን ሥራ ያዘ። ፎልአውት ለተባለው ሌላው የቤተስዳ ጨዋታ ከተሠራው አስተዳዳሪ የወጣው ፎሞድ የተባለው የመጫኛ ሥርዓት፥ የወለደው መሣሪያ ካረፈ በኋላ እንኳ በአዲሶቹ አስተዳዳሪዎች ሁሉ ውስጥ ዛሬም ይሠራል። ሎት የተባለው መሣሪያ በበኩሉ የትኛው ፕለጊን ከየትኛው በፊት መጫን እንደሚገባው በጎ ፈቃደኞች የሚያከማቹትን ዝርዝር እያነበበ ተራውን ይደረድራል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልቤን የሚገዛው ሞድ ኦርጋናይዘር የተባለው አስተዳዳሪ ያመጣው አሳብ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ አንድምታውን ሲያስኬድ አንዱን ትርጓሜ በሌላው ላይ ይደርባል እንጂ ንባቡን አይነካውም፤ ተማሪው ንባቡንም ትርጓሜውንም በአንድነት ይሰማል፥ ብራናው ግን እንደ ተጻፈ ይኖራል። ሞድ ኦርጋናይዘርም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ሞድ በየራሱ ፎልደር ለብቻው ይቀመጣል፥ የጨዋታው ዋና ፎልደር ሳይነካ ይቈያል፤ ጨዋታው በሚነሣበት ጊዜ አስተዳዳሪው ወደ ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቶ፥ ፋይል ለመክፈት ለዊንዶውስ የሚቀርበውን ጥያቄ በመካከል ይቀበልና፥ በተራው የበላይ የሆነው ሞድ ያለውን ፋይል ያቀርብለታል። ጨዋታው ሁሉም በአንድ ስፍራ ያለ ይመስለዋል። ሲዘጋ ያ ዓለም ይጠፋል፥ የተሻረ የለም፥ የተደመሰሰም የለም፤ ተራውን መለወጥ የሚሻ ሰውም መስመሩን በማውዝ ጐትቶ ከፍ ወይም ዝቅ ከማድረግ በቀር ሥራ የለበትም።

ይህ ጥበብ ግን በከንቱ አልተገኘም፥ ዋጋውንም የሚከፍለው ጠባቂው ነው። አስተዳዳሪው በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ ጥያቄውን መጥለፉ፥ አንዳንድ ተንኰለኛ ፕሮግራሞች ከሚያደርጉት ጋር በመልኩ ስለሚመሳሰል፥ አንቲቫይረሱ ሊጠረጥረውና አንዱን ፋይል ነቅሎ ሊወስድበት ይችላል፤ ተጠቃሚውም መሣሪያው ተበላሸ ይላል። ጨዋታውን ከአስተዳዳሪው ውስጥ ማስነሣት ሲገባው ስቲም ከተባለው የጨዋታ መሸጫ ያስነሣው ሰው፥ የተደረበው ሁሉ ለዚያ ጨዋታ ስለማይታይ፥ ሞዶቼ ጠፉ ብሎ ይመጣል። ሌላው ጨዋታውን ዊንዶውስ በሚጠብቀው በፕሮግራም ፋይልስ ፎልደር ውስጥ ጭኖት መጻፍ ይከለከላል። ሌላው አንድ ሞድ የሚደገፍበትን ዋና ፋይል ሳይጭን ቀርቶ፥ ጨዋታው የመጀመሪያውን ገጽ ሳያሳይ ይዘጋበታል። ሌላው ደግሞ በረዳት መሣሪያ ያመነጨውን ፋይል ሲፈልግ ያጣዋል፤ ፋይሉ ኦቨርራይት በተባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ከእነዚህ አንዱም የአስተዳዳሪው ስሕተት አይደለም፥ መልስ የሚጠበቀው ግን ከጠባቂው ነው። መልሱም አንድ ጊዜ ተሰጥቶ አያበቃም፤ ጨዋታውን ዛሬ የገዛ ሰው ትናንት የተመለሰውን ጥያቄ ዛሬ ይጠይቃልና።

ስለዚህ አንድን የሞድ አስተዳዳሪ መሥራትና አንድን የሞድ አስተዳዳሪ ጠብቆ ማኖር ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች እንደ ሆኑ አምናለሁ፥ ሁለተኛውም ከፊተኛው የሚከብድ ይመስለኛል። ኮድ ለመጻፍ የሚበቃ ሰው ብዙ ነው። ጨዋታው ይዘጋብኛል ከሚል ከአንድ መስመር ያልበለጠ አቤቱታ ተነሥቶ፥ በትሕትና የእትሙን ቍጥር፥ የሞዶቹን ዝርዝርና የሎግ ፋይሉን እየጠየቀ ምክንያቱን የሚያገኝ፥ አግኝቶም ያንኑ ሰው ሳያሳፍር የሚመልስ ሰው ግን ጥቂት ነው። ሥራውን በሚገባ የተረዱት ሠሪዎች ይህን ድካም ወደ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብተውታል፤ የሚደገፍበትን ፋይል ያጣ ፕለጊን ሲኖር ጨዋታው ከመነሣቱ አስቀድሞ የሚናገር፥ በሁለት ሞዶች መካከል የሚሽረውንና የሚሻረውን በምልክት የሚያሳይ መስኮት ሠርተዋል። ሳይነገርለት የሚቀረው የዚህ ሥራ ምስጋና ይህ ነው፤ ችግሩ ከመድረሱ በፊት ስለ ተወገደ ማንም አያየውም።

ኔክሰስ ሞድስ የተባለው፥ በሮቢን ስኮት የተመሠረተውና ለእነዚህ ጨዋታዎች ትልቁ የሞድ ማከማቻ የሆነው ተቋም፥ በበኩሉ ከስካይሪም ጋር ኔክሰስ ሞድ ማናጀርን አውጥቶ ነበር። መጫኑን ለጀማሪ አቀለለ፤ ፋይሉን ግን ወደ ጨዋታው ፎልደር ያስገባ ስለ ነበር ከቀድሞው ደዌ ሙሉ በሙሉ አልዳነም። በ2016 የሞድ ኦርጋናይዘርን ፈጣሪ ራሱን በሥራ ቀጠረው፤ ከዚያም ድካም ቮርቴክስ የተባለው አስተዳዳሪ ወጣ። ቮርቴክስ ጥያቄውን በመካከል አይጠልፍም፤ ፋይሎቹን ለብቻ አኑሮ ወደ ጨዋታው ፎልደር ሀርድ ሊንክ፥ ማለት ለዚያው ፋይል ሁለተኛ ስም፥ ይዘረጋል፥ በዚህም ምክንያት የማኖሪያው ፎልደርና ጨዋታው በአንድ የዲስክ ክፍል ላይ መገኘት አለባቸው። አንዱ መንገድ ከሌላው ይሻላል ብሎ በጭፍን መከራከር አይገባም፤ ቮርቴክስ ብዙ ዓይነት ጨዋታዎችን በአንድ ቤት የሚሰበስብ ነው፥ ሞድ ኦርጋናይዘር ግን ተራውን በእጁ ሊገዛ ለሚሻ ሰው ይመቻል። ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፥ ፈጣሪው ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ ሞድ ኦርጋናይዘር ያልሞተበት ምክንያት ነው፤ የምንጭ ኮዱ ጂፒኤል በተባለው የነፃ ፈቃድ ስለ ተሰጠ፥ ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ተረክበው እስከ ዛሬ ያኖሩታል። ምንጩን ቈልፎ የሄደ ሰው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጥበብ ከእርሱ ጋር በሄደ ነበር።

ገንዘብ በዚህ ነገር ውስጥ የገባበትን ጊዜ በአጭሩ ላንሣ። ኤፕሪል 23 ቀን 2015 የስቲም ባለቤት ቫልቭና ቤተስዳ የስካይሪም ሞድ በስቲም ላይ በዋጋ እንዲሸጥ ፈቀዱ፤ ለሞዱ ሠሪ የሚደርሰው ከዋጋው 25 በመቶ ነበር። ተቃውሞው እጅግ ስለ በረታ ከአራት ቀን በኋላ ተሻረ። በ2021 ኔክሰስ ብዙ ሞዶችን እንደ አንድ ስብስብ መጫን የሚያስችል ሥርዓት ሲያዘጋጅ ደግሞ፥ ስብስቡ እንዳይፈርስ ሲል ሠሪው ፋይሉን ፈጽሞ ማጥፋቱ ቀርቶ ወደ መዝገብ ቤት እንዲገባ ወሰነ፤ ያልወደዱትም በአንድ ወር ውስጥ ሥራቸውን እንዲያነሡ ተፈቀደላቸው፥ አንዳንዶችም አነሡ። እኔ የሁለቱንም ወገን ሕማም እረዳለሁ። የሚታመን ስብስብ የሚፈልግ ተጠቃሚ ዛሬ ያለው ፋይል ነገ እንዳይጠፋበት መሻቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያለ ዋጋ የሠራ ሰው በሥራው ላይ የቀረችው ብቸኛዋ ሥልጣን፥ ማንሣት መቻሉ ነበረችና፥ እርስዋን መውሰድ ቢያንስ ሰፊ ምክክር ይጠይቅ ነበር።

ወደ ኩባንያዎቹ ስንመለስ፥ በ2021 በስካይሪም አዲስ እትም የደረሰው ነገር የመጨረሻው አልሆነም። ለፎልአውት 4 የተሠራው ፎልአውት፦ ለንደን የተባለው፥ በበጎ ፈቃደኞች ለብዙ ዓመታት የተደከመበት፥ በስፋቱ ራሱን የቻለ ጨዋታ የሚያህል ሞድ በኤፕሪል 2024 ሊወጣ ቀን ተቈርጦለት ሳለ፥ ቤተስዳ በዚያው ወር በ25ኛው ቀን ለፎልአውት 4 አዲስ ማሻሻያ እንደሚያወጣ አስታወቀ፤ ሠሪዎቹም ሥራቸው በማሻሻያው እንዳይሰበር ፈርተው ቀኑን ለማስተላለፍ ተገደዱ። ኩባንያው ጨዋታውን ማሻሻሉ መብቱ ነው፥ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን እነዚህ ጨዋታዎች ከዐሥር ዓመት በኋላ ገና የሚሸጡት በሞዶቻቸው ኀይል ጭምር ከሆነ፥ ለአስተዳዳሪዎቹና ለስክሪፕት ኤክስቴንደሩ ጠባቂዎች አዲሱን ፕሮግራም ከጥቂት ሳምንታት በፊት ማሳየት፥ የቀድሞውንም እትም ለሚሻው ሰው በግልጽ ምርጫ ማቈየት፥ ከትርፉ ምንም የማይቀንስበት ትንሽ ግዴታ ነው። የቀድሞው እትም እንዲህ ስላልቈየ ተጠቃሚዎች ጨዋታውን ወደ ኋላ የሚመልሱበትን መሣሪያ ራሳቸው ሠርተዋል። ፎልአውት፦ ለንደንም በጁላይ 25 ቀን 2024 ሲወጣ የሚሠራው ከማሻሻያው በፊት በነበረው እትም ላይ ስለ ነበረ፥ አዲሱን የተቀበለ ተጫዋች ሁሉ ሞዱን ከመጫኑ አስቀድሞ ጨዋታውን ወደ ቀድሞው መመለስ ነበረበት፤ የአመላለሱን ጥያቄ ሲመልሱ የሰነበቱትም እነዚያው ጠባቂዎች ናቸው።