የምጥን ፍጻሜ አስቀድሞ ለማወቅ ስለሚደረገው ምርመራ

በአገራችን ሴት በሰላም በተገላገለች ጊዜ ጠያቂዎችዋ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል። ምጥ የገባችን ሴት ከሞት ደጃፍ እንደ ተመለሰች ይቈጥሯታልና። ሐኪሞችም ከብዙ ዘመን ጀምሮ የደከሙበት ነገር፥ አደጋው ሳይደርስ የሚያሳውቅ ምልክት ለማግኘት ነው። የተገኙት ምልክቶች ምን ያህል እንደሚታመኑ በዚህ የቤተ ሰብ ገጻችን ለክቡራን አንባብያን ልንገልጽ ወደናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ምልክት የሕፃኑ የልብ ትርታ ነው። በ1818 ማዮር የተባለ የዤኔቭ ሐኪም ጆሮውን በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ አኑሮ ትርታውን መስማቱ ተጽፎለታል። በ1895 ደግሞ ፒናር የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እንደ ትንሽ መለከት ያለ መስሚያ አወጣ፤ ይኸውም መሣሪያ እስከ ዛሬ በብዙ አዋላጆች እጅ ይገኛል። ትርታው በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ከሆነ መልካም ነው ይባላል።

ከዚህ በኋላ ትርታውን ሳያቋርጥ በወረቀት ላይ የሚጽፍ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ተሠራ፤ ተስፋውም ታላቅ ነበረ። በ1985 በደብሊን ከተማ በ12,964 ሴቶች የተደረገው የማመዛዘን ምርመራ ውጤት ግን ብዙዎችን አስደነቀ። በመሣሪያው ከተጠበቁት የተወለዱት ሕፃናት መንቀጥቀጥ የደረሰባቸው በግማሽ ያህል ያነሱ ቢሆኑም፥ በጆሮ እየተሰማላቸው ከተወለዱት ጋር በሞት ቍጥር ልዩነት አልተገኘባቸውም። ልጆቹ አራት ዓመት ሲሞላቸው በታዩ ጊዜም፥ በአንጐል ጕዳት ምክንያት የአካል ስንኩልነት የደረሰባቸው ከሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። የተራቀቀ መሣሪያ ሁሉ የተራቀቀ ዕውቀት ይሰጣል ብሎ ማመን የዘመናችን ልማድ ስለ ሆነ፥ ይህን ነገር ማስታወስ ይገባል እንላለን።

ስለ ደም ግፊት ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ነገሩ ቀላል፥ ጥቅሙም የተረጋገጠ ነውና። ከእርግዝናው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቱ 140 በ90 ከደረሰ፥ በሽንትም ውስጥ ፕሮቲን ከታየ፥ እናቲቱን እስከ መንቀጥቀጥና እስከ ሞት የሚያደርስ በሽታ መምጣቱን ያመለክታል። እንዲህ ያለችው ሴት ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም መሄድ አለባት።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ያከራከረው የምጥ መከታተያ ወረቀት፥ ማለት ፓርቶግራፍ የሚባለው ነው። በ1954 ፍሪድማን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም የማኅፀን አፍ በየሰዓቱ ምን ያህል እንደሚከፈት በመሥመር ሥሎ አሳየ። በ1972 ደግሞ ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች፥ ዛሬ ሐራሬ በምትባለው ከተማ ሲሠሩ፥ በዚያ ወረቀት ላይ ሁለት መሥመሮች ጨመሩበት። ፊተኛው የማስጠንቀቂያ መሥመር ነው፤ የማኅፀኑ አፍ በሰዓት አንድ ሳንቲሜትር ካልተከፈተ ምጡ ይህን መሥመር ያልፋል። ሁለተኛው የርምጃ መሥመር ከፊተኛው አራት ሰዓት ዘግይቶ የተሠመረ ነው። የአራቱ ሰዓት ምክንያት ሊታሰብ ይገባዋል፤ በሩቅ ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ምጧ የዘገየባትን ሴት ወደ ሆስፒታል እንድታደርስ የተሰጠ የመንገድ ጊዜ ነውና።

ይህን ጊዜ ያጣች ሴት የሚደርስባትን አገራችን ታውቀዋለች። ሕፃኑ መውጫ አጥቶ ምጡ ቀናት ሲቈጥር፥ ሕፃኑ ይሞታል፤ የእናቲቱም ፊኛ ተቀዶ ሽንቷን መቋጠር ትሳናለች፤ ፌስቱላ የሚባለው ይህ ነው። በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት ሬጅናልድና ካትሪን ሃምሊን ዕድሜያቸውን እንዲህ ያሉትን ሴቶች በማከም አሳለፉ። ጕዳቱን መጠገን ብቻ ስለማይበቃም፥ በ2007 በስማቸው የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ።

የዓለም ጤና ድርጅት ወረቀቱን በደቡብ ምሥራቅ እስያ በ35,484 ሴቶች አስፈትኖ በ1994 ውጤቱን አስታወቀ። ከ18 ሰዓት ያለፈ ምጥ ከመቶ 6.4 ወደ 3.4 ወረደ። በምጥ ላይ ሞተው የሚወለዱትም ከመቶ 0.5 ወደ 0.3 ቀነሱ። ከዚህ በኋላ የማስጠንቀቂያው መሥመር በብዙ አገር እንደ ሕግ ተቈጠረ።

ነገር ግን በናይጄሪያና በዩጋንዳ 9,995 ሴቶች ተመርምረው በ2018 በታተመው ጽሑፍ፥ መሥመሩ ክፉ ነገር የሚደርስባትን ሴት ከማይደርስባት ለይቶ ለማሳወቅ ደካማ መሆኑ ተገለጠ። መሥመሩን አልፈው በሰላም የወለዱ ብዙዎች ናቸው፤ ሳያልፉም ክፉ የደረሰባቸው አሉ። ይህ ማለት መከታተል ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የእስያውን ፍሬ ያስገኘው፥ እንደ እኛ አሳብ፥ የመሥመሩ ትንቢት ሳይሆን አዋላጂቱ በየሰዓቱ ከሴቲቱ አጠገብ መገኘቷ ይመስለናል። በወሊድ ቤት ያለ ባል «መሥመሩን አልፋለች» ቢሉት ጨርሶ መደንገጥ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ትርታው እንዴት እንደ ሆነና ምን እንደ ታሰበ ሊጠይቅ ይገባዋል።

በ2020 የወጣው አዲሱ የድርጅቱ ወረቀት አንድ ወጥ የሆነውን መሥመር ትቶአል። የማኅፀኑ አፍ አምስት ሳንቲሜትር ላይ እስከ ስድስት ሰዓት፥ ስድስት ላይ እስከ አምስት ሰዓት፥ ዘጠኝ ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ይታገሣል። ከልብ ትርታውና ከደም ግፊቱም በላይ፥ በወረቀቱ ራስ ላይ አዋላጂቱ የምትሞላቸው ሌሎች ጥያቄዎች አሉ፤ ከምጥ ላይ ካለችው ሴት ጋር ዘመድ አለ ወይ? የሚጠጣ ነገርስ ቀምሳለች ወይ?