መቼትና ታዳጊ አንባቢ፦ በዴንቨርና በአውሮራ የሚያድጉ ልጆቻችን ስለሚያነቧቸው ልብ ወለዶች

እንደሚታወቀው፣ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት «መቼት» የምንለው ቃል «መቼ» እና «የት» ከሚሉት ሁለት መጠይቆች የተፈጠረ ነው። ቃሉ አጭር ቢሆንም የተሸከመው ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ ታሪኩ በምን ዘመንና በየትኛው ምድር እንደተፈጸመ ብቻ ሳይሆን፣ ያ ዘመንና ያ ምድር ባለታሪኩን ምን እንዲያደርግ እንዳስገደዱት ጭምር ያመለክታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ለሆናቸው አንባቢያን የተጻፉ ልብ ወለዶች በመቼት እንዴት እንደሚጠቀሙና፣ ይህም በኮሎራዶ ለሚያድጉ ልጆቻችን ምን ትርጉም እንዳለው ነው። ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጉዳዩን እንድናነሣ ያስገደደን በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር ነው። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃችን ከቤተ መጻሕፍት ተውሳ ያመጣችውን መጽሐፍ አንብባ እንደጨረሰች፣ «አባዬ፣ ቅማንት እነማን ናቸው? ስለ ጎንደር ስታወሩኝ ለምን ስለ እነርሱ አልነገራችሁኝም?» ስትል ጠየቀችን። እኛ ስለ ጎንደር ስንነግራት የኖርነው ስለ ፋሲል ግንብ ነበር።

መጽሐፉ ጄን ከርትዝ የደረሰችው፣ በ1998 የታተመውና አርእስቱ በአማርኛ «የተረት ነጋሪዋ ዶቃዎች» ሊባል የሚችለው ልብ ወለድ ነው። ደራሲዋ አሜሪካዊት ትሁን እንጂ የሚሲዮናውያን ልጅ በመሆኗ ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው በኢትዮጵያ፣ በማጂ ነው። ታሪኩ በ1980ዎቹ የረኀብና የስደት ዘመን ወደ ሱዳን የሚሸሹ የሁለት ልጃገረዶች ታሪክ ነው፤ ሣህይ ቅማንት ናት፣ ራሔል ደግሞ ዐይነ ስውር ቤተ እስራኤላዊት። ሁለቱም ወገኖች ከአገው ግንድ የተገኙ ሆነው ሳለ፣ ሣህይ ራሔልን የምታያት እየፈራችና እየተጸየፈች ነው። እዚህ ላይ የመቼቱ ሥራ በግልጽ ይታያል። ራሔል መንገዱን በዐይኗ ማየት ስለማትችል፣ አንባቢው ምድሪቱን የሚያውቃት በእግር መዳሰስ፣ በድምፅና በሽታ ነው። ጉዞው የሌሊት ስለሆነም፣ የምታየዋ ልጅ ከማታየዋ እምብዛም የተሻለች አይደለችም። መልክዓ ምድሩ ለጌጥ የተሣለ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ልጆች ባልተቀራረቡ ነበር፤ ያቀራረባቸው ጨለማውና ገደሉ ነው።

በዚሁ መለኪያ ሌሎችንም መመዘን ይቻላል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ያስተማረችው ኤልዛቤት ሌርድ በ2003 ባሳተመችው «የቆሻሻው ንጉሥ» ልንለው በምንችል ልብ ወለድ፣ ሁለት ልጆችን በአንድ ከተማ አስቀምጣ ሁለት ከተማ ታሳየናለች። ማሞ እናቱ የሞተችበት ድኻ ልጅ ነው፤ «አጎትህ ነኝ» ባለ ሰው ተታልሎ ለገበሬ ይሸጣል። ዳኒ የሀብታም ልጅ ሲሆን አባቱን ፈርቶ ከቤት ይኮበልላል። ሁለቱም ጎዳና ላይ ሲወድቁ፣ ያው አስፋልት ለአንዱ የነፃነት፣ ለሌላው የውርደት ቦታ ይሆናል። እንግሊዛዊው ገጣሚ ቤንጃሚን ዜፋንያ ደግሞ በ2001 ባወጣው ስለ አንድ ስደተኛ ልጅ በሚተርክ መጽሐፍ የበለጠ ድፍረት አሳይቷል። መጽሐፉ የሚከፈተው በሁለት ትዕይንቶች ነው፤ ወታደሮች በር ሰብረው ገብተው ቤተሰቡን ያስፈራራሉ፤ አንዱ በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛው በኤርትራ። ቃላቱ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። የተለወጠው የአገሩ ስም ነው፤ በዚያ ለውጥም አንድ ጊዜ የእናት፣ ሌላ ጊዜ የአባት ትውልድ ወንጀል ይሆናል። ስለ መቼት ምንነት ለተማሪዎቻችን አንድ ምሳሌ ብቻ ስጡ ብንባል ይህንን እንሰጥ ነበር።

ነቀፋም አለን። እነዚህ መጻሕፍት የተጻፉት በቅድሚያ ለባዕድ አንባቢ ስለሆነ፣ እንጀራ በቀረበ ቁጥር እንጀራ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሊቆሙ ይችላሉ። በአውሮራ ያደገ ልጅ ደግሞ እንጀራ ያውቃል፤ የኮልፋክስን ጎዳና ይዞ ወደ ሐቫና ማዞሪያ ሲጓዝ የሚያነበው የአማርኛ ማስታወቂያ ጥቂት አይደለም። እርሱ የማያውቀው ምግቡን ሳይሆን፣ ያንን ምግብ ትተው የመጡ ሰዎች በር ሲዘጉ ምን እንደሰሙ ነው።

በአንጻሩ በአማርኛ ምን አለን? የእኛ ትውልድ በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ያነበበው ለዐዋቂ የተጻፈውን፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር፤ ያላነበበውም ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ሰምቷል። ማንኩሳንና ዲማን ሄደን ሳናይ የምናውቃቸው በዚያ መንገድ ነው። ለሕፃናት አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረት ይነግሩ ነበር። ከተረቱ ወደ ሐዲስ ዓለማየሁ የሚያሻግር፣ ለመካከለኛው ዕድሜ ታስቦ የተጻፈ ረጅም ልብ ወለድ ግን ያን ጊዜም ብርቅ ነበር፤ ዛሬም ብርቅ ነው። ጉድለቱ የደራሲ ችሎታ ማነስ አይመስለንም። የሚገዛው ወላጅ፣ የሚያስነብበው መምህርና የሚያኖረው መደርደሪያ ሲጠፉ ጸሐፊውም ወደዚያ አይሄድም።

መደርደሪያውን ለመሥራት የተደረገው ጥረት ከዴንቨር ጋር ግንኙነት አለው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከጄን ከርትዝ ጋር ሆነው ያቋቋሙትና «ኢትዮጵያ ሪድስ» በመባል የታወቀው ድርጅት፣ የአሜሪካ ጽሕፈት ቤቱ ለተወሰኑ ዓመታት በዚህች ከተማ ነበር። በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ኋላም በአዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እየተጫነ ለልጆች ይወሰድ ጀመር። አቶ ዮሐንስ በ2002 ያወጡት፣ «ቂሉ ማሞ» የተባለው ባለ ሁለት ቋንቋ የሥዕል መጽሐፍ በብዙ ቤቶቻችን ይገኛል። ሆኖም የሥዕል መጽሐፍ ለስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ልጁ ዐሥር ሲሞላው ከአማርኛው ይለያያል።

ሌላው ጥያቄ የዚህኛው ምድር ነው። ራልፍ ሙዲ በ1950 ያሳተመው «ሊትል ብሪችስ» የተሰኘ መጽሐፍ በ1906 ከኒው ሃምፕሽር ወደ ዴንቨር አካባቢ የፈለሰ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ነፋሱ፣ ድርቁና በመስኖ ውኃ የሚነሣው የጎረቤት ጠብ ከደጋ ገበሬ ልጅ የተጻፈ ያስመስለዋል። ፈልሶ የመጣ ቤተሰብ ይህን ሜዳ በልጅ ዐይን መጻፍ እንደሚችል ምስክር ነው። ይሁን እንጂ የዛሬው አውሮራ፣ ሐበሻው ልጅ የሚኖርበት፣ በአማርኛ የተጻፈ የታዳጊ ልብ ወለድ ሆኖ ገና አልገጠመንም።

በቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ለልጆቹ አንድ መልመጃ ሰጥተን ነበር፦ ስለ ሰፈራችሁ፣ ሌላ ቦታ ሊሆን የማይችል አንድ ነገር ጻፉ። አብዛኞቹ ስለ በረዶ ጻፉ፤ በረዶ ደግሞ በሌላም ቦታ አለ። አንድ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን፣ የአዲስ አበባ ሰው ሰሜንን በእንጦጦ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ የዚህ አገር ልጅ ምዕራብን በሮኪ ተራሮች እንደሚያውቅ ማንም ሳይነግረው፣ የሚከተለውን አቀረበ፦ «አባቴ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ሥራ ሲሄድ ተራራው ከኋላው ነው። ሲመለስ ከፊቱ ነው። ግን ማታ ስለሚመለስ አያየውም።» ካቀረበልን ውስጥ ያረምነው ሁለት ፊደል ብቻ ነው።