ከሰሊጥ አጨዳ መልስ አንድ ጊዜ መመርመር ብቻውን ለምን አይበቃም?

ጎንደር፦ ክረምት በገባ ቁጥር ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጃናሞራና ከሌሎች ደጋማ ወረዳዎች የሚነሡ ወጣቶችና አርሶ አደሮች ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ፣ ቋራና አርማጭሆ ቆላ ይወርዳሉ። ሐምሌና ነሐሴ ለአረም፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ብዙ ጉልበት ይፈለጋል። ሠራተኞቹ ገንዘብ ቋጥረው ወደ ቀያቸው ይመለሳሉ፤ የጤናቸውን ሁኔታ አውቀው የሚመለሱት ግን ሁሉም አይደሉም።

ከትዳር ርቆ ለወራት መቆየት፣ መጠጥ፣ ያለ ኮንዶም የሚፈጸም ግንኙነትና የጤና ተቋማት ከእርሻው መራቅ ሠራተኞችን ለኤች አይ ቪ ተጋላጭ ያደርጓቸዋል። ቫይረሱ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ጤነኛ መስሎ መታየት ከቫይረሱ ነጻ ለመሆን ማረጋገጫ አይሆንም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የምርመራው ወቅት ነው። በጤና ጣቢያዎች የሚሰጠው ፈጣን ምርመራ የሚለየው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህም በምርመራ እስኪታይ ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ 3 ወር ሊፈጅ ይችላል። ለምሳሌ ጥቅምት 20 ቀን ለቫይረሱ የተጋለጠ ሠራተኛ በኅዳር ተመርምሮ ነጻ ቢባል፣ ውጤቱ የመጨረሻ አይደለም፤ ጥር 20 ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ዳግም መመርመር ይገባዋል። እስከዚያው ከትዳር አጋሩ ጋር ኮንዶም መጠቀም ይኖርበታል።

ተጋላጭነቱ በቅርብ የተፈጠረ ከሆነ የመከላከያ መድኃኒት አለ። ይህ መድኃኒት በ72 ሰዓታት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል፤ ፈጥኖ በተጀመረ ቁጥርም የተሻለ ይሠራል።

ቫይረሱ የተገኘበት ሰው የሚወስደው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የወሰደና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ነፍሰ ጡር እናትም በወቅቱ ሕክምና ከጀመረች ከቫይረሱ ነጻ የሆነ ልጅ መውለድ ትችላለች። መድኃኒት ላይ ያሉ ሠራተኞች ወደ ቆላ ከመውረዳቸው በፊት ለጤና ባለሙያ አሳውቀው ለቆይታቸው የሚበቃ መድኃኒት መያዝ አለባቸው።

በቆላው የሚገኘው የካላዛር በሽታም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በሽታውን የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች በካላዛር ሲያዙ በሽታው ይበረታባቸዋል፤ ታክመው ከዳኑ በኋላም ሊያገረሽባቸው ይችላል። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳትና የሆድ ማበጥ የታየበት ሰው ወባ ነው ብሎ ሳይዘናጋ ወደ ሕክምና መሄድ ይገባዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምና ከሚሰጡ ተቋማት አንዱ ነው።

ባልና ሚስት አብረው መመርመራቸው ውጤቱን በጋራ አውቀው እንዲወስኑ ይረዳቸዋል። ምርመራው የሚደረገው በተመርማሪው ፈቃድ ሲሆን፣ የምርመራ ውጤትም በምስጢር ይያዛል።