የመጨረሻ ፊደላቸውን ያጡ ግሶች በኃላፊ ጊዜ እንዴት ይረባሉ?

አንድ ግስ በኃላፊ ጊዜ ሲረባ ባለቤቱን የሚያመለክት ቅጥያ በመጨረሻው ላይ ይጨመርበታል። ለምሳሌ «ሰበረ» የሚለው ግስ ሰበርሁ (ወይም ሰበርኩ)፣ ሰበርህ፣ ሰበርሽ፣ ሰበረ፣ ሰበረች፣ ሰበርን፣ ሰበራችሁ፣ ሰበሩ እየተባለ ይረባል። «ሰበርህ» በሚለው ቃል ውስጥ የግሱ የመጨረሻ ፊደል «ረ» ወደ ሳድስ «ር» መለወጡን ልብ በሉ።

ከዚህ ሥርዓት የሚወጡ ግሶች አሉ። «በላ»፣ «ሰማ» እና «መጣ» የሚሉት ግሶች በግዕዝ «በልዐ»፣ «ሰምዐ» እና «መጽአ» ናቸው። በግዕዝ የሚገኘው ሦስተኛው ፊደል የጉሮሮ ድምፅ ስለ ሆነ በአማርኛ ጠፍቷል፤ በቦታው የቀረው አናባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ፊደል ወደ ሳድስ አይለወጥም፤ በላሁ፣ በላህ፣ በላሽ፣ በላ፣ በላች፣ በላን፣ በላችሁ፣ በሉ ይባላል። «ሰጠ»፣ «ቀረ» እና «አገኘ» የሚሉትም እንዲሁ ሰጠሁ፣ ቀረሁ፣ አገኘሁ ይላሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች በብዛት ይታያሉ። አንደኛው «በላኩ»፣ «ሰጠኩ» ብሎ መጻፍ ነው። «ኩ» የሚጨመረው በሳድስ ፊደል ላይ ብቻ ስለ ሆነ ይህ ትክክል አይደለም። ሁለተኛው «ሁ»ን በ«ው» መተካት ነው። በንግግር ጊዜ «ሁ» ስለሚላላ ጆሮ ይሳሳታል፤ በጽሑፍ ግን ትርጉሙ ፈጽሞ ይለወጣል። አንድ ምስክር «ጩኸቱን ሰማሁ» ቢል የሰማው እርሱ ራሱ ነው። «ጩኸቱን ሰማው» ተብሎ ቢጻፍ ግን የሰማው ሌላ ሰው ይሆናል፤ «ው» ተሳቢን እንጂ ባለቤትን አያመለክትምና። እንዲሁም «ብሩን አገኘሁ» እና «ብሩን አገኘው» አንድ አይደሉም።

«አለ» የሚለው ቃል ልዩ ማስተዋል ይፈልጋል። ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፤ በግዕዝ «ብህለ» ነው። የመጨረሻው «ለ» ስላልጠፋ «አልሁ» ወይም «አልኩ» ይላል። ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው፤ በግዕዝ «ሀለወ» ነው። የመጨረሻው «ወ» ስለ ጠፋ «አለሁ» ይላል። ይህ ሁለተኛው በመልኩ የኃላፊ ጊዜ ቢመስልም ትርጉሙ የአሁን ጊዜ ነው፤ ኃላፊው «ነበረ» ሲሆን «ነበርሁ» ወይም «ነበርኩ» ተብሎ ይረባል።

ማስገንዘቢያ፦ አንድን ግስ ስትጠራጠሩ በ«አንተ» አርቡት። «ቆምህ» እንደሚለው ሳድስ ከወጣ «ቆምሁ» ወይም «ቆምኩ» ብላችሁ ጻፉ። «ሰጠህ» እንደሚለው ሳድስ ካልወጣ ግን «ሁ» ብቻ ይጨመራል።

መልመጃ፦ በቅንፍ ውስጥ ያሉትን ግሶች «እኔ» ለሚለው ባለቤት በኃላፊ ጊዜ አርብታችሁ በባዶው ቦታ ጻፉ።
ሀ/ ትናንት በጊዜ ወደ ቤት ______። (ገባ)
ለ/ ለሽማግሌው ከመቀመጫዬ ______። (ተነሣ)
ሐ/ ከወንድሜ ጋር ወደ ገበያ ______። (ሄደ)
መ/ በዝናቡ ምክንያት ከጉዞው ______። (ቀረ)