አጥንት ሰባሪው አሞራ

በሬው ታርዶ ቅርጫው ከተከፋፈለ በኋላ ውሻም ቁራም የድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሜዳው ላይ የሚቀረውን ደረቅ አጥንት ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በባሌ ግን በዚሁ ትራፊ የሚኖር፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.3 እስከ 2.8 ሜትር የሚደርስ ግዙፍ ወፍ አለ፤ ጢማሙ አሞራ። ከምግቡ አብዛኛው፣ ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው፣ አጥንትና መቅኔ ነው። ከአእዋፍ መካከል ኑሮውን በአጥንት ላይ የመሠረተ ሌላ አይታወቅም።

መልኩን ለማወቅም ከዚሁ ከአመጋገቡ መነሳት ይበጃል። አብዛኞቹ ሌሎች ጥንብ አንሳዎች ራሳቸውንና አንገታቸውን በድን ውስጥ ስለሚነክሩ አንገታቸው የተራቆተ ነው። ይህኛው የሚመጣው ሥጋው ካለቀ በኋላ ስለሆነ ራሱም አንገቱም ላባ የለበሰ ነው። ከዓይኑ ተነስቶ ወደ መንቁሩ የሚወርድ ጥቁር ጭረት አለው፤ ጭረቱ ከመንቁሩ ሥር ተንጠልጥሎ ጢም ይሆናል። ፈዛዛ ቢጫ ዓይኑን ደማቅ ቀይ ቀለበት ይከበዋል፤ ሲቆጣ ወይም ሲደነግጥ ቅላቱ ይጨምራል። በሰማይ ላይ የሚለየው ደግሞ ጅራቱ ነው። የአብዛኞቹ ሌሎች አሞሮች ጅራት አጭርና ሰፊ ሲሆን የእሱ ረዝሞ ጫፉ ላይ ይሾላል፤ ክንፉም ጠበብ ያለ ነው። ክብደቱ ግን ከ4.5 እስከ 7 ኪሎ ቢሆን ነው።

የደረቱና የአንገቱ ላባ ወርቃማ ብርቱካንማ ሆኖ ይታያል። ይህ ግን የተፈጥሮ ቀለሙ አይደለም፤ ላባው ነጭ ነው። ብረት የበዛበት ቀይ ጭቃ ፈልጎ ይታጠብና ራሱን ያቀላል። ጭቃ በማያገኝበት ማቆያ ያደገ ጢማሙ አሞራ ነጭ እንደሆነ ይኖራል። ለምን ይህን እንደሚያደርግ ተመራማሪዎች አልተስማሙም፤ ገሚሱ ክብሩን ለማሳየት ነው ሲል ገሚሱ ላባውን ከተባይና ከጀርም ለመከላከል ነው ይላል።

ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው የአበላሉ ጥበብ ነው። የበግ ጭን አጥንት የሚያህለውን እንዳለ ይውጠዋል። የሆዱ አሲድ እጅግ ብርቱ ነው፤ ፒኤቹ 1 አካባቢ በመሆኑ ትልቅ አጥንት እንኳ በ24 ሰዓት ገደማ ይፈጫል። ለመዋጥ የሚያስቸግረውን የበሬ ቅልጥም ግን በጥፍሩ ጨብጦ ሽቅብ ይወጣል። ሃምሳ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ሲደርስ ወደ ታች ተወንጭፎ ጠፍጣፋ ዓለት ላይ ይለቀዋል። ካልተሰበረ ወርዶ ያነሳዋል፤ እንደገና ይጥለዋል። ተሰብሮ መቅኔው እስኪወጣ ድረስ አይሰለችም። የሚመቸውን ዓለት ካገኘ ዓመት ከዓመት ስለሚመላለስበት ከሥሩ የአጥንት ስብርባሪ ይከመራል። ጥበቡ ከልምምድ የሚገኝ ነው፤ ወጣቶቹ አጥንቱን ከዓለቱ እያሳቱ ለዓመታት ይለማመዳሉ።

ሌላም ብልጫ አለው። ሥጋ በቀናት ይበሰብሳል፤ አጥንት ግን ደርቆ ለወራት ምግብነቱን አያጣም። ስለዚህ ከሌሎች አሞሮች ጋር አይሻማም። በአገራችን የመንደርና የከተማ ዳር ቆሻሻ መጣያዎችን የለመደውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአፍሪካ ትልቁ ቁጥሩ የሚገኘውም በኢትዮጵያ ተራሮች ነው፤ በደቡብ አፍሪካና በሌሶቶ ድራከንስበርግ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ጨነቅ አካባቢ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ከዓይኑ ትይዩ፣ አንዳንዴም ከእግሩ ሥር ሲያንዣብብ ሊያየው ይችላል።

ጎጆውን በገደል ላይ፣ በዋሻ ወይም በድንጋይ ጥግ ሠርቶ በበግ ጸጉርና በቡትቶ ያነጥፈዋል። እንስቷ አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ ሁለት ወር ለማይሞላ ጊዜ ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ያቅፋሉ። ሁለት ከተፈለፈሉ ታላቁ ታናሹን ይገድለዋል፤ ስለዚህ የሚያድገው አንድ ብቻ ነው። ጫጩቱ ወደ አራት ወር ገደማ ጎጆ ውስጥ ይቆያል። ጥቁር ቡናማ ላባውን ቀይሮ ጎልማሳ እስኪመስል ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል።

ይህ አዝጋሚ አራባብ አንዴ ሲጎዳ ቶሎ እንዳያገግም ያደርገዋል። በአውሮፓ አልፕስ ተራሮች ጠቦት ይሰርቃል ተብሎ በሐሰት ተከሶ፣ ለገዳዩ ሽልማት እየተከፈለ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጠፋ። በማቆያ የተፈለፈሉ ጫጩቶች ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦስትሪያ ተለቅቀው በዱር የመጀመሪያው ጫጩት የተፈለፈለው በ1997 እ.ኤ.አ. ነበር፤ 11 ዓመት ፈጀ። እኛ ጋ የሚያሰጋው መርዝና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ለጅብና ለባዘነ ውሻ የተቀመጠ መርዝ በድኑን የሚበላውን ሁሉ ይጨርሳል። መርዝ የሚጠቀም ማዘጋጃ ቤት ወይም ከብት ጠባቂ መርዙን ትቶ ሌላ መላ ቢፈልግ፣ እስከዚያው ደግሞ የሞተውን እንስሳ በዕለቱ አፈር ቢያለብሰው፣ በአንድ ቀን የሚያልቁትን ጥንዶች ማዳን ይቻላል። እነሱን የሚተካ ጫጩት ዛሬ ቢፈለፈል ራሱ ጎጆ የሚሠራው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።