የጥይት ባሩድን በሌላ ባሩድ መተካት የሚያስከትለው አደጋ

ለቆየ ሽጉጥ ወይም ጠመንጃ ተስማሚ ጥይት ማግኘት ሲያስቸግር፣ የተተኮሰ ቀለህ ሰብስቦ፣ እርሳስ አቅልጦና ከሌላ ጥይት የወጣ ባሩድ ጨምሮ እንደገና መሙላት እንደ መፍትሔ የሚታይበት ጊዜ አለ። ይህ ማብራሪያ ድርጊቱ በሕግ ከመከልከሉም በላይ፣ ከባሩዱ ባሕርይ የተነሣ ለተኳሹ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለማስገንዘብ የቀረበ ነው።

ልማዱ የቆየ ነው። በፎገራ ሜዳ አቅራቢያ የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስመ ጥር የሲራራ ነጋዴ ገበያ በነበረችበት ወቅት መገበያያው አሞሌ ጨው ነበር። ኋላ በሀገሪቱ በርካታ ገበያዎች ጥይት ራሱ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ስለነበር ባዶ ቀለህ እንኳ ዋጋ ነበረው። በዘመኑ በስፋት የተሠራጨው ውጅግራ፣ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊቷ የተቀበለችው ጠመንጃ ሲሆን የሚሠራውም በጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ጭሱ ብዙ፣ ግፊቱ ግን በንጽጽር መጠነኛ በመሆኑ ቀለሁ እስኪሞላ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ1884 በፈረንሳይ የተገኘው ጭስ አልባ ባሩድ ግን በተመሳሳይ ስፍር እጅግ የላቀ ግፊት ይፈጥራል። ስለዚህ ለጥቁር ባሩድ በተሠራ መሣሪያ ውስጥ በአሮጌው ስፍር ሲጨመር ብረቱን ሊሰነጥቅ፣ የተኳሹንም እጅና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ጭስ አልባ ባሩዶችም እርስ በርስ አንድ አይደሉም። የሽጉጥ አፈሙዝ አጭር ስለሆነ ባሩዱ ፈጥኖ እንዲነድ ሆኖ ይዘጋጃል፤ የጠመንጃው ደግሞ ዝግ ብሎ ይነዳል። የጠመንጃ ባሩድ በሽጉጥ ጥይት ውስጥ ሲገባ በሚገባ ሳይነድ ሊቀርና እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል። አደጋው የሚመጣው በተከታዩ ተኩስ ነው፤ መንገዱ ተዘግቷልና። በተቃራኒው የሽጉጥ ባሩድ በጠመንጃ ቀለህ ውስጥ ሲሞላ ግፊቱ መሣሪያው ሊቋቋመው ከሚችለው በላይ ይሆናል። የሽጉጥ ጥይት የሚፈልገው ባሩድ በጣም ጥቂት በመሆኑም ሁለት ጊዜ ቢጨመር እንኳ በዓይን ላይለይ ይችላል።

የባሩድን ዓይነት በቀለሙ፣ በፍሬው ቅርጽ ወይም በሽታው ማወቅ አይቻልም። ይህ ሥራ በሕግ በሚፈቀድባቸው አገሮች እንኳ መጠኑ የሚወሰነው ለእያንዳንዱ ባሩድና ለእያንዳንዱ የእርሳስ ክብደት አምራቹ ባወጣው ሠንጠረዥ ነው። ከተፈታ ጥይት የወጣ፣ ስሙ የማይታወቅ ባሩድ በየትኛውም ሠንጠረዥ አይገኝም። ስለሆነም «የትኛው ይተካዋል?» የሚለው ጥያቄ በቤት ውስጥ መልስ የለውም።

እርሳስ ማቅለጡም የራሱ ጉዳት አለው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ብናኙና ጢሱ በትንፋሽ ወደ ሰውነት ይገባል። በተለይ የሕፃናትን አእምሮ እድገት ይጎዳል። እርሳስ የቀለጠበት ድስት ቢታጠብም ለምግብ ሊውል አይገባም።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያንና የጥይትን ጉዳይ በፈቃድ ሥርዓት ሥር አድርጓል፤ ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት በወንጀል ያስጠይቃል።

ያረጀ፣ የዛገ ወይም በውርስ የተገኘ ጥይት በእጁ ያለ ሰው ጥይቱን ከመፍታት፣ እሳት ውስጥ ከመጣል ወይም ከመቅበር ሊቆጠብ ይገባል። ሕፃናት በማይደርሱበት ደረቅ ቦታ አስቀምጦ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ጣቢያ፣ ጥይቱን ሳይዝ ቀርቦ ያሳውቃል፤ ርክክቡም በፖሊስ መመሪያ መሠረት ይፈጸማል።